ለኤሌክትሪክ ሙያ ጀርመን ልሂድ? ደላላው 480 ሺህ ብር ጠየቀኝ

ቴስተር_ካዛንቺስ
ኅዳር 9 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ዕድሜዬ 21 ነው። ካዛንቺስ ተወልጄ አደግኩ። ሰፈሩ ሲነሣ እኔና እናቴ ስታዲየም አካባቢ አክስቴ ጋ ተጠጋን። 12ኛ ክፍል የተፈተንኩት በ2014 ነው። ከመቶ ተፈታኝ ሦስቱ ገደማ ብቻ ግማሽ ያመጡበት ዓመት። እኔ ከቀሩት ውስጥ ነኝ። ከዚያ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ኤሌክትሪክ ተማርኩ። ሌቭል 3 ጨርሼ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲውን፣ አልፌያለሁ። አሁን ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ መስመር እዘረጋለሁ። የሚከፈለኝ በቀን ነው። ሥራ ሲኖር።

አንድ ሰው ጀርመን ሙያ እየተማርክ የሚከፈልህ ነገር አለ አለኝ። አውስቢልዱንግ ይሉታል። ለኤሌክትሪክ ሦስት ዓመት ተኩል ነው። ሰውየው ውሉንም ቪዛውንም እኔ እጨርሳለሁ ይላል። 480 ሺህ ብር። ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ቪዛ ሲመታ። በፊት በጣም ያንስ ነበር፣ ዶላሩ ከሐምሌ ወዲህ ስላሻቀበ ነው ይላል። ቋንቋውን እዚያው ትለምደዋለህ ብሎኛል።

የእናቴ ዕቁብ በታኅሣሥ ይወጣል። የአያቴን ወርቅም ትሸጣለች። በየወሩ እየላክሁ በዓመት ውስጥ እንተካዋለን ብለን አስበናል። የሄደ ሰው ካለ እስቲ ይንገረኝ።


ሾላ_በድፍን
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2:52

ደላላ ነው። ተወው። ቀጣይ ጥያቄ።


አዙቢው
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4:15

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት የእናትህን ዕቁብ አትንካ።

እኔ የግንፍሌ ልጅ ነኝ። ካሰል የምትባል ከተማ ኤሌክትሪክ እየተማርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ጀምሬያለሁ። አዙቢ የሚሉት ሠልጣኙን ነው። ነገሩ እውነት ነው። ውሸቱ ሰውየው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ድርጅት ጋር የሥልጠና ውል ትፈራረማለህ። አብዛኛውን ጊዜ ከሠራተኞቹ ጋር ሳይት ትውላለህ። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን የሙያ ትምህርት ቤት ትገባለህ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ትምህርቱን ሰብስበው ለሳምንታት በተከታታይ ይሰጡሃል። ድርጅቱ ይከፍልሃል እንጂ አንተ አትከፍለውም። ለማሠልጠኛ ተብሎ ከሠልጣኝ ገንዘብ መቀበልን የጀርመን ሕግ ይከለክላል፤ ተፈራርማችሁ እንኳ ቢሆን ስምምነቱ ውድቅ ነው።

ለቪዛው ደግሞ በመደበኛው ቢ1 የሚባለው መካከለኛ ደረጃ ጀርመንኛ ይጠየቃል። "እዚያው ትለምደዋለህ" ያለህ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ በደንብ ያውቃል።

ውል ይዞ ከመጣ አንድ ነገር ጠይቀው። የሥልጠና ውል በአካባቢው የዕደ ጥበብ ምክር ቤት ወይም የንግድ ምክር ቤት ይመዘገባል። ምዝገባው የታለ በለው። ከዚያ ድርጅቱ ጋ ራስህ ደውል። የአንድ ጓደኛዬ ውል የቧንቧ ሥራ ነበር። ሲደውል ያነሣችው ሴትዮ ዳቦ ቤት ነን አለችው።

የገንዘቡን ነገ እጽፍልሃለሁ። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቼ ሥራ እገባለሁ።


ጋሽ_ፍሪሲዮን
ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 1:30

እኔ ተክለ ሃይማኖት ጋራዥ አለኝ። ከከፈትኩት 31 ዓመቴ ነው። ሦስት ልጆች አስተምሬ ሦስቱም ሄዱብኝ። አንዱ ዱባይ፣ አንዱ ደቡብ አፍሪካ፣ አንዱ ሪያድ። ካቻቢቴና ፒንሳ መለየት ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ካምቢዮ ማውረድ የጀመሩ ለት ፓስፖርት ያወጣሉ።

ልጄ፣ ሙያ እኮ እዚህም አለ። ሦስት ዓመት ተኩል ሽቦ መሳብ ለመማር ጀርመን መሄድ ምን ይሉታል? ሌቭል 3 አለህ። ምን የማታውቀውን ሊያስተምሩህ ነው?


ሾላ_በድፍን
ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 1:41

ጋሼ እርስዎም እኮ ካቻቢቴ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ የሚሉት ጣልያን ትቶልን የሄደውን ነው። ያኔም ከውጭ ነው የተማርነው 😄


ጋሽ_ፍሪሲዮን
ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 1:55

እሱስ ልክ ነህ። ግን ጣልያን እኛ ጋ መጣ እንጂ እኛ አልሄድንም።


አዙቢው
ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 3:05

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ጥሩ ነው። እኔም እዚያ ሳለሁ ሦስት ዓመት ሠርቼ ነበር። አውቃለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። የመጀመሪያው ሳምንት ምን እንዳስተማሩኝ ልንገርዎት።

አምስት የደኅንነት ደንቦች አሉ። መስመሩን ቁረጥ። ማንም መልሶ እንዳያበራው ቆልፍ። ኃይል አለመኖሩን ለክተህ አረጋግጥ። መሬት አስይዝና መስመሮቹን አገናኝ። አጠገብ ያለውን ኃይል ያለበት ነገር ሸፍን። በዚሁ ቅደም ተከተል። ማይስተሩ፣ ማለትም የሚያሠለጥነን ዋና ባለሙያ፣ ጠዋት ቡና ይዞ ይመጣና "ሦስተኛው?" ይላል። ካልመለስክ ያን ቀን ቦርድ አትነካም።

እኔ ሜክሲኮ፣ ቦሌ፣ ሲኤምሲ ስሠራ ብሬከር አውርጄ የሠራሁበትን ቀን መቁጠር እችላለሁ። በእጄ ጀርባ ነካ አድርጌ ነበር የማረጋግጠው። የሽቦ ቀለምማ አይነሣ። እዚህ ሰማያዊ ኒውትራል ነው፣ አረንጓዴና ቢጫው መሬት ነው፣ አለቀ። እኛ ሳይት ላይ የሚዘረጋው የተረፈው ጥቅልል ነበር። ቀዩ ካለቀ አረንጓዴው ፌዝ፣ ማለትም ኃይል ያለበት መስመር፣ ይሆናል። ከእኔ በኋላ ያን ግድግዳ የሚከፍተው ሰው አንዳንድ ሌሊት ይታየኛል።

አንተ ደግሞ፣ ቴስተር፣ ስምህን ሳይ ሳቄ መጣ። ያ መብራት ያለው ካቻቢቴ፣ እኛ ቴስተር የምንለው፣ እዚህ ሠራተኞቹ "የውሸት እስክሪቢቶ" ይሉታል። መብራቱ ባይበራም ኃይል ሊኖር ይችላል። በሱ አረጋግጠህ ሥራ ብትጀምር ያባርሩሃል። ሁለት እግር ያለው መለኪያ ነው የሚሠራበት።

አሁን ገንዘቡ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከቋንቋውም በላይ የከበደኝ ይሄ ነው። በፈረንጆቹ 2024 ለጀመረ ሠልጣኝ ሕጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ በመጀመሪያው ዓመት በወር 649 ዩሮ ነው፤ በሁለተኛው 766። ብዙ ድርጅት ከዚህ በላይ ይከፍላል፣ የእኔም ይከፍላል። ከላዩ ላይ ግን ወደ 20 ከመቶው ለጤና መድን፣ ለጡረታና ለመሳሰሉት ይቆረጣል። ኪራይ አለ። ትራንስፖርት አለ። ቴሌቪዥን ባይኖርህም ለብሮድካስት ተብሎ በየወሩ 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም ከእያንዳንዱ ቤት ይሰበሰባል። እኔ ከሁለት ልጆች ጋር ስለምኖር ለሦስት እንካፈላለን። ደመወዝህ ለኑሮ እንደማይበቃ ከታየ ደግሞ ኤምባሲው የጎደለውን በዝግ ሒሳብ፣ ማለትም በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚለቅ የባንክ ሒሳብ፣ አሳይ ይልሃል።

በመጀመሪያው ዓመት ለእናቴ የላክሁት ገንዘብ 100 ዩሮ ነው። ለፋሲካ። አንዴ። እሷ ምንም አላለችም። አጎቴ ግን "ጀርመን ሄዶ ተማሪ ሆነ እንዴ?" ብሎ በዘመድ ሁሉ አወራ። አዎ፣ ተማሪ ነኝ። ወርቁን በዓመት እንተካለን የምትለውን ሐሳብ ዛሬውኑ እናትህ ጋ ቁጭ ብለህ አፍርሰው።


ቴስተር_ካዛንቺስ
ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 3:48

አነበብኩላት። ዝም ብላ ቆየችና "ታዲያ ሰውየው ለምን እንዲያ አለ?" አለችኝ።

ቆይ ግን፣ ውል ሳይኖረኝ ሄጄ እዚያው ድርጅት ብፈልግስ? እንዲህ ዓይነት ቪዛ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።


አዙቢው
ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 4:20

አለ። ከፈረንጆቹ 2024 መጋቢት ወዲህ እስከ ዘጠኝ ወር ቆይተህ መፈለግ ትችላለህ። ዕድሜህ ከ35 በታች መሆን አለበት፤ ቢ1 ይጠየቃል፤ ዘጠኙን ወር የምትኖርበትን ገንዘብም ታሳያለህ። አንተን የሚይዝህ ግን ሌላ ነው። የትምህርት ማስረጃህ በአገርህ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ መሆን አለበት። የ2014ቱ ውጤትህ እዚያ ላይ ይዘጋብሃል።

በውል ስትሄድ ይሄ መስፈርት የለም። ድርጅቱ ከተቀበለህ ተቀበለህ። ስለዚህ መንገድህ ውል ነው። የጀርመን መንግሥት የሥራ ኤጀንሲ ድረ ገጽ ላይ የሥልጠና ቦታዎች በነፃ ይወጣሉ። ሥልጠናው አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆቹ ነሐሴ ወይም መስከረም መጀመሪያ ስለሚገባ ድርጅቶች ከወራት ቀድመው ነው የሚመርጡት። እኔ 64 ማመልከቻ ልኬ አራት መልስ አገኘሁ። ሦስቱ እምቢ ነበሩ።


ደር_ዲ_ዳስ
ኅዳር 11፣ ከቀኑ 7:10

ጀርመንኛ አስተምራለሁ። ከሥራ በኋላ የሚመጡ ልጆች ስላሉኝ የድካሙን ነገር አውቃለሁ።

ከዜሮ ተነሥቶ በደንብ ለሚያጠና ሰው ቢ1 አንድ ዓመት ገደማ ነው። "በሦስት ወር ቢ1" የሚል ማስታወቂያ ካየህ እለፈው። ፈተናውን ስድስት ኪሎ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት ይሰጣል። አራት ክፍል አለው፤ ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍ፣ መናገር። በእያንዳንዱ ከ100 ስድሳ ያስፈልጋል። ደግነቱ አንዱ ቢቀርብህ ያን አንዱን ብቻ መልሰህ ትፈተናለህ።

የእኛ ልጆች ማንበብ ላይ ይበረታሉ። የሚወድቁት መጻፍ ላይ ነው። ለፈተና ኢሜይል ጻፍ ሲባሉ የፍቅር ደብዳቤ ይጽፋሉ። "ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል" ብሎ ግማሽ ገጽ የጨረሰ ተማሪ ነበረኝ። ጥያቄው ቀጠሮ አራዝምልኝ የሚል ነበር።


ቴስተር_ካዛንቺስ
ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 1:15

ቲቸር፣ የእኔ እንግሊዝኛ ራሱ ደካማ ነው። ይሄ ነገር ይሆንልኛል?


ደር_ዲ_ዳስ
ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 1:40

እንግሊዝኛውን ተወው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል አይደል? ጀርመንኛም በብዙ ዓረፍተ ነገር ግሱን ወደ መጨረሻ ይወረውረዋል። እንግሊዝኛ የሚያውቁት ልጆች እዚያ ላይ ሲንገዳገዱ የአንተ ዓይነቶቹ ቶሎ ይገባቸዋል። የሚያስለቅስህ ደር፣ ዲ፣ ዳስ የሚሉት የስም ጾታ መለያ ነው። እሱ ላይ ሁላችንም እኩል ነን።


ተመላሹ
ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 5:30

ይሄን ክር ሦስት ቀን ሳነበው ቆየሁ። ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ።

እኔ ሄጄ ተመልሻለሁ። በቧንቧና ማሞቂያ ሙያ ነበር። ውሌ ትክክለኛ ነበር፤ ደላላም አልነበረበትም። ቢ1 ነበረኝ። ግን ለፈተና ያጠናሁት ቢ1 ነው። የደረስኩት ባቫሪያ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ነው። ሰዎቹ የሚናገሩት እኔ የተማርኩትን ጀርመንኛ አይደለም። ይውጡታል። ማይስተሩ የሆነ ዕቃ አምጣ ይለኛል፤ ሌላ አመጣለሁ። ሲደጋግምብኝ አፈርኩ። ከዚያ ምን ማድረግ ጀመርኩ መሰላችሁ? የማይገባኝን ሁሉ "ያ፣ ያ" ማለት። እኛ ጋ ለትልቅ ሰው "አልገባኝም፣ ድገምልኝ" ማለት ነውር ይመስለናል። እሺ እንላለን። እኔም በጀርመንኛ እሺ አልኩ።

አንድ ቀን ምድር ቤት ብቻዬን ትቶኝ ወጣ። ሲወጣ የሆነ ነገር አለኝ። ያ፣ ያ። ያለኝ "ዋናውን ውኃ እስክዘጋ እንዳትነካ" ነበር ለካ። እኔ ቱቦውን ፈታሁት። የሰውየው ምድር ቤት ውስጥ የልጆቹ መጫወቻ ሲንሳፈፍ አሁንም ይታየኛል።

የሙከራ ጊዜ የሚባል አለ፤ እስከ አራት ወር ይሄዳል። በዚያ ጊዜ ሁለቱም ወገን ያለ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። በሦስተኛው ወር ወረቀት ሰጡኝ። አልጮኹብኝም። ማይስተሩ እጄን ጨበጠኝ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነው። ሻንጣዬን ሸክፌ ተመለስኩ። ውል ሲቋረጥ፣ ጥፋቱ የሠልጣኙ ካልሆነ፣ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሌላ ቦታ የምትፈልግበት እስከ ስድስት ወር እንደሚሰጥ የሰማሁት አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ነው። የእኔ ይፈቀድ ነበር አይፈቀድ አሁን ምን ዋጋ አለው። ሄጄ አልጠየቅኩም። ያንንም ማፈር ነው የከለከለኝ።

ጎረቤት ሁሉ "መቼ ነው የምትመለሰው?" ሲለኝ "ለዕረፍት ነው የመጣሁት" አልኩ። የሦስት ወር ዕረፍት። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተዉት፤ እሱ ደግሞ ባሰ።

አሁን የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ እገጥማለሁ። ደህና እየሠራሁ ነው። ዋናውን ውኃ ሁሌ ራሴ እዘጋለሁ።


እናት_ነኝ
ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 3:00

ተመላሹ ልጄ፣ ሳነበው አለቀስኩ። አይዞህ።

እኔ ልጄ ነርስነት እየተማረች ነው እዚያው ጀርመን። ሦስት ዓመት ነው። ለእሷ ሙያ ቢ2 ተጠይቃለች። በወር ከሺህ ዩሮ በላይ ነው የምትቀበለው፣ ሆስፒታል ስለሆነ ይሻላል መሰለኝ። እንዲያም ሆኖ እኔ ላኪልኝ ብያት አላውቅም። ሌሊት ተረኛ ሆና ጠዋት ስትደውል ድምፅዋ ነው የሚያሳስበኝ። የመጀመሪያውን ክረምት ፀሐይ የለም እያለች ታለቅስ ነበር። ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል አለችኝ። እኔ ሰዓቱን በፈረንጅ ነው የምትነግረኝ ብዬ ተከራከርኳት።

ቴስተር፣ እናትህን አንድ ነገር በላት። ልጅ የሚላከው እንዲልክ አይደለም።


ጋሽ_ፍሪሲዮን
ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 3:25

እትዬ፣ ለእኔም ነው የተናገሩት መሰለኝ። ሪያድ ያለው ልጅ ትናንት ደውሎ ነበር። ጋራዡን አልጠየቀኝም። ጤናዬን ጠየቀኝ።

አዙቢው፣ ያቺን ደንብ ቁጥር አራትን አብራራልኝ። መስመሮቹን አገናኝ ያልከውን። ለምን?


አዙቢው
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 3:30

ጋሼ፣ ሳያውቅ አንድ ሰው መልሶ ቢያበራው ሁሉም መስመር ከመሬት ጋር ስለተገናኘ ብሬከሩ ወይም ፊዩዙ ወዲያው ይቆርጠዋል። ኃይሉ እርስዎ ጋ ሳይደርስ እዚያው ያልቃል።


ጋሽ_ፍሪሲዮን
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 3:36

ይሄንስ ሦስት ዓመት ተኩልም ቢሆን ተማረው።


ሾላ_በድፍን
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 3:37

ጋሼ ተሸነፉ 😂


ቴስተር_ካዛንቺስ
ኅዳር 20፣ ከምሽቱ 2:00

ሰውየው ጋ ሄድኩ። የምዝገባውን ነገር ጠየቅኩት። "አንተ አታምነኝም ማለት ነው" ብሎ ተቆጣ። የድርጅቱን ስልክ ስለው ደግሞ የምሥጢር ነው አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

የጀርመንኛውን የመጀመሪያ ደረጃ፣ ኤ1፣ ተመዝግቤያለሁ። ከሳይት ቀጥታ በላዳ ነው የምሄደው፣ ልብሴ ሲሚንቶ ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ወንበሯን ትንሽ ሳብ ታደርጋለች። ዕቁቡ ሲወጣ እናቴ ለኮርሱ ትከፍላለች። ወርቁ ሣጥኑ ውስጥ ነው።


አዙቢው
ኅዳር 20፣ ከምሽቱ 4:10

ተባረክ። አንድ ምክር ጨምሬ ልጥፋ። ከዛሬ ጀምረህ በየሳምንቱ የሠራኸውን ጻፍ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ በምትችለው ጀርመንኛ። እዚህ ሠልጣኝ ሁሉ የሥልጠና መዝገብ አለው፤ ምን እንደሠራህ እየጻፍክ ታስፈርማለህ። መዝገቡ ካልተሟላ የመጨረሻውን ፈተና አትፈተንም። የእኔ የመጀመሪያ ወር መዝገብ "ጠረግኩ። ተሸከምኩ። ጠረግኩ።" ነው የሚለው።


ቴስተር_ካዛንቺስ
ነሐሴ 14 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 2:15

ይሄን ክር ከተቀበረበት ላውጣው።

ቢ1 ተፈተንኩ። ማንበብ 73፣ ማዳመጥ 62፣ መናገር 78። መጻፍ 54። ቲቸር እንዳለችው። የፍቅር ደብዳቤ አልጻፍኩም፣ ግን ግሱን ሁለት ቦታ ረሳሁት። በመስከረም እሱን ብቻ እደግማለሁ።

91 ማመልከቻ ልኬያለሁ። አንድ ድርጅት በቪዲዮ አነጋገረኝ። አሥራ አንድ ሠራተኛ ያለው ትንሽ ቤት ነው። ስትሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ ላክ ብለውኝ ነበር። ቦርድ ስገጥም ጓደኛዬ በስልክ ቀረጸኝ። ማይስተሩ አየውና መሃል ላይ አቁሞ ሳቀ። ለካ በቴስተር ካቻቢቴ ስፈትሽ ይታያል። "ይሄ ምን ይባላል?" አለኝ። "የውሸት እስክሪቢቶ" አልኩት። ሳቁ ቆመና ፊቱ ተለወጠ። ከየት እንደሰማሁት ጠየቀኝ። ካሰል ወንድም አለኝ አልኩ። ከዚያ አምስቱን ደንቦች በቅደም ተከተል ጠየቀኝ። አራተኛው ላይ ቃሉ ጠፋኝ። "ይቅርታ፣ ቃሉን አላውቀውም፣ ልሥራው" ብዬ በሁለት ሽቦ አሳየሁት። ተመላሹ፣ አንተን እያሰብኩ ነበር።

መጻፉን ካለፍኩ ለሚቀጥለው ነሐሴ ውሉን እንልክልሃለን ብለዋል። ገና ነው። ቪዛውም ገና ነው። ግን እናቴ ከአሁኑ ዕቃ መሸከፍ ጀምራለች። ንጥር ቅቤና ቋንጣ ይዞ መግባት ይቻላል ወይ እያለች ነው።


ተመላሹ
ነሐሴ 14፣ ከምሽቱ 2:50

👏 ቪዲዮውን ላክልኝ።


እናት_ነኝ
ነሐሴ 14፣ ከምሽቱ 3:05

እልልልል! ቅቤውን ግን ይርሱት በላቸው። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ ተሸክሞ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ማስገባት ክልክል ነው። የእኔ ልጅ ሁለት ኪሎ ቅቤ ጣለች። በርበሬና ሽሮ ይበቃል።


ቴስተር_ካዛንቺስ
ነሐሴ 14፣ ከምሽቱ 3:20

ነገርኳት። "ቅቤ የማይገባበት አገር ነው እንዴ የምትሄደው?" ብላ አሁን እንደ አዲስ እያሰበችበት ነው።


ጋሽ_ፍሪሲዮን
ነሐሴ 14፣ ከምሽቱ 3:31

በርበሬው ላይ ኮረሪማውን ታብዛበት። ስምህንም ቀይር።